ጣሳ የተሰቀለበት በር

ከመጠጥ ቤት ልማዶቻችን ሁሉ እኔን የሚያናድደኝ «ምን ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሥጋ ቤት ገብታችሁ ብትጠይቁ ጥሬውም፣ ጥብሱም፣ ዱለቱም ይነገራችኋል። ጁስ ቤት ከአቮካዶ እስከ ስፕሪስ ይዘረዘርላችኋል። ቢራ ቤት ግን አስተናጋጇ አገሪቱ ጠምቃ የምታውቀውን ስም ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች፤ ጊዮርጊስ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ሜታ፣ ዳሽን፣ ዋልያ፣ ሐበሻ። አንዱን መርጣችሁ ትጠራላችሁ። «እሱ አሁን አለቀ።» ሌላ ትጠራላችሁ። «እሱ ነገ ነው የሚገባው።» ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ዞር ብላ ትሄድና፣ ከመጀመሪያውም ልታመጣላችሁ ያሰበችውን ይዛ መጥታ ሳታማክራችሁ ትከፍተዋለች።

ልጅቷ ምን ታድርግ? የተቀመጣችሁበትን ወንበር ጀርባ፣ የጃንጥላውን ቀለም፣ የፍሪጁን በር፣ የግድግዳውን ቅብ አይታችሁ ቢሆን ኖሮ መጠየቅም አያስፈልጋችሁም ነበር። ቤቱን የቀባው፣ ወንበሩን የሰጠው፣ የድራፍት ማሽኑን የተከለው ፋብሪካ የባላንጣውን ጠርሙስ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማየት አይፈልግም። ምርጫው እናንተ ከመግባታችሁ በፊት ተደርጎ አልቋል። ለእናንተ የቀረው ጠርሙስ ወይስ ድራፍት፣ ጃምቦ ወይስ ሲንግል የሚለው ነው።

ይህ በየከተማው ያለ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ያስገርማል። ምክንያቱም ከተማዋ ቢራ ጠማቂ ናት። ሐበሻ ቢራ በ2007 ዓ.ም ፋብሪካውን የከፈተው እዚያ ነው፤ በ1992 ዓ.ም ጎንደር ላይ የጀመረው ዳሽንም ሁለተኛ ፋብሪካውን ያቆመው እዚያው ነው። የብቅል ፋብሪካም ተከትሎ መጥቷል። ይህን ሁሉ የሳበው የሰሜን ሸዋ ገብስ ነው። በዓለም ላይ የቢራ ፋብሪካ ያላት ትንሽ ከተማ ነዋሪ አፉ የሠለጠነ ጠጪ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ደንብ ነው። እኛ ግን «ምን ምን አለ?» ብለን ያለውን እንጠጣለን።

ከተማዋን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ነው የተቀመጠችው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቆረቆሯት። ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት የተደረደረበትን ቤተ ክርስቲያን ለማየት በስም መመሳሰል ተሳስቶ ካሜራ አንግቶ የሚመጣ እንግዳም አልፎ አልፎ አይጠፋም፤ መላእክቱ ያሉት ጎንደር ነው። እዚህ ያለው ብርድ ነው። ከተማዋ ከቢራው በፊት ስሟ የተጠራው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር፤ ምን እንደሚያስፈልጋት ታውቃለች።

ስለ ብርዱ ላጋንን አልፈልግም። ሆኖም ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ አስተናጋጇ መጥታ «ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?» ስትላችሁ፣ ኖርማሉ ከቀዝቃዛው ይልቅ ጥርስ ያስነክሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ፍሪጅ የሚያስፈልገው ቢራው እንዳይበርደው ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ያስወራኝ ዴንቨር የሚኖር አብሮ አደጌ ነው። ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ያገራችን ሰው የበዛባቸው ከተሞች ናቸው፤ የሰፈር ጠማቂም ሞልቶባቸዋል። እዚያ ጠማቂው ቢራውን ከሚጠምቅበት ጋን አጠገብ ባንኮኒ ዘርግቶ ይሸጣል። የቀኑ ቢራ ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። መራሩ፣ ጥቁሩ፣ ጎምዛዛው፣ ፍራፍሬ የገባበት፣ ሁሉም በየስሙ አለ። ለመምረጥ የቸገረው ሰው በትንንሽ ብርጭቆ ከአራት ከአምስቱ ተቀድቶለት፣ በእንጨት ገበታ ተደርድሮ ይቀርብለታል። ከዚያ አንዱን አንስቶ ወደ መብራት ይይዛል፣ ያሸታል፣ ፉት ይላል፣ ዐይኑን ይጨፍናል፣ አንድ ቃል ይናገራል። አብሮ አደጌ ይህን ትምህርት ጨርሶ ነው የመጣው። ልጅ ሳለን የጉሽ ጠላ አተላ ከበሬ ጋር ተሻምቶ ያደገ ሰው መሆኑን አፉ ፈጽሞ ረስቷል።

«ሁለት ፋብሪካ ያለበት ከተማ የሚቀመስበት ቤት አያጣም» አለኝ። መጀመሪያ ድራፍት ቤት ወሰድኩት። እዚያም ያየውን ነገር ሁሉ ወደደው፤ ጨዋታውን፣ ክትፎውን፣ ሰዉን። ቢራውን ሲጠይቅ ግን ችግር መጣ።

«ይሄ በርሚል መቼ ነው የተከፈተው?»

«አሁን ነው የተከፈተው» አለች ልጅቷ።

በዚህ አገር ከጠዋት እስከ ሌሊት በርሚል የሚከፈተው አሁን ነው። ትናንት የተከፈተ በርሚል አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ቀጥሎ የአረፋው ክርክር ተነሣ። ከጎናችን የተቀመጠ ሰው ጃምቦው ሲመጣለት ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ለመላው ቤት አሳየ፤ ሦስት ጣት አረፋ ነበረው። «ይሄ ቢራ ነው ወይስ የተላጨሁበት?» አለ። ልጅቷ ወስዳ፣ አረፋውን በማንኪያ ጠርጋ፣ ሞልታ መለሰችለት። አብሮ አደጌ ደነገጠ። እሱ ባለበት አገር አረፋው የቢራው ክብር ነው፤ መዓዛውን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው ይላል። ሰውዬውም ሰምቶት ኖሮ፣ «እንግዲያው አረፋውን ጠርጋ ለአንተ ትስጥህ፤ ቢራውን ለእኔ» አለው።

ከዚያ ወጥተን ሌላ ቤት ገባን፤ ጃንጥላው ሌላ ቀለም ነው። ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። አብሮ አደጌ ያን ጊዜ ነው ተስፋ ቆርጦ «በዚህ ከተማ አንዱን ቤት ከአንዱ የሚለየው ወንበሩ ብቻ ነው» ያለው። እውነቱን ነው። ፋብሪካው የሚኮራውም በዚሁ ነው፤ ደብረ ብርሃን የተከፈተው ጠርሙስ ሞያሌ ከተከፈተው ጋር አንድ እንዲሆን ስንት መሐንዲስ ይደክማል። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። ቤት ለቤት መዞር ለሚወድ ሰው ግን እግር ማድከም ነው።

እንግዲህ ከዋናው አስፋልት ወረድ ማለት ግድ ሆነ። ድንጋይ ንጣፉ እያለቀ አፈሩ ሲጀምር፣ ከአጥር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ይታያል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ጠላ ቤት ነው። ሌላ ጽሑፍ የለም፣ ስም የለም፣ ስልክ የለም። የጠጣ እንጂ ያነበበ አያገኘውም።

በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ከየመንገዱ ሰሌዳም አስወርዷል። ያን ሰሞን ትልልቁ ቢራ ሁሉ አደባባዩን ለቆ ሲወርድ፣ የወተት ዱቄት ጣሳዋ ግን እንጨቷ ላይ እንደተደፋች ቀረች። ዕድሜ ልኳን ያለ ማስታወቂያ የኖረች ምን ይነካታል።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት ባለቤት ብዙ የማይናገሩ፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ የጠመጠሙ ሴት ናቸው። ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ቤቱ ጨለም ያለ ነው። በግድግዳው ዙሪያ የጭቃ መደብ አለ፤ ላዩ ላይ ቁርበት ተነጥፏል። በወዲያኛው ጥግ ሦስት ጋን ወገባቸው ድረስ አፈር ውስጥ ተቀብረው አፋቸው በጨርቅና በጭቃ ታሽጓል። አንዱ ጋን ትንሽ ዘመም ብሎ ስለነበር ከሥሩ ጠጠር ተደርጎለታል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል የሰማሁት ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የጥገና መመሪያ ኖሯል።

እትዬ ጆጉን ይዘው መጡ። ከመቅዳታቸው በፊት ጠብ ጠብ አድርገው መዳፋቸው ላይ አፈሰሱና ፉት አሉ። የጥንት ወግ ነው፤ በመጠጡ ውስጥ ክፉ ነገር እንደሌለ አሳላፊው ቀምሶ ያሳያል። አብሮ አደጌ ደስ አለው፤ የጥራት ቁጥጥር መስሎት ነው። ከዚያም ጣሳው አፍ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ሞሉለት። ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ ስስ አረፋ አለው፤ ዳር ዳሩ ላይ የጌሾ ቅንጣት ተንሳፍፎ ነበር።

ጣሳውን ወደ በሩ ብርሃን ያዘው። ጣሳ ብርሃን አያሳልፍም። አሸተተ።

«እትዬ፣ ከእያንዳንዱ ጋን ትንሽ ትንሽ ቢያቀምሱን?»

«ለምን? ጋኑን ልትገዛው ነው?»

ሳቅ ሆነ። እሱ ግን ትምህርቱን አልተወም። ፉት ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። «የተቃጠለ ዳቦ ይሸተኛል። ጭስ አለው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ቡና ቡና ይላል።»

«ዳቦ የለበትም፤ ቂጣ ነው» አሉ እትዬ። «ጭሱ የወይራ ነው። ቡናው አሁን ይፈላል፤ አትቸኩል፣ ጠጣ።»

አሠራሩንም በዚያው ነገሩት፤ ማለቴ በቁጣ ነገሩት። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾና ጥቂት ብቅል በውኃ ገብቶ ጥንስሱ ይጣላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል። ቂጣው ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ፣ ከብቅልና ከጌሾ ጋር ይደፈደፋል። እህሉ ጥቁር እስኪል ይታመስና ተፈጭቶ ይጨመራል፤ ጥቁረቱ ከእሱ ነው። ሲደርስ ውኃ ሞልተው ያሽጉታል። ማመሱ ላይ ትንሽ ከቸኮሉ ጠላው ፈዛዛ ይሆናል፤ ትንሽ ከዘገዩ ያራል። ጌሾ የበዛበት ይመራል፤ ያነሰበት ቶሎ ይኮመጥጣል። እርሾውን ከየት ያመጡታል ቢላቸው ተገረሙ። «ከየትም አላመጣውም፤ ራሱ ነው የሚመጣው።»

ይህን ሲሰማ አብሮ አደጌ መደቡ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ቤልጅየም ውስጥ ብራስልስ አካባቢ ላምቢክ የሚባል ቢራ አለ። ጠማቂዎቹ እርሾ አይጨምሩም፤ ከአየሩና ከበርሚሉ እንጨት ራሱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። የዓለም ቢራ አዋቂ ሁሉ ለእሱ ይሰግዳል። ዋጋውም እንደ ስግደቱ ነው። እትዬ የላምቢክን ዋጋ በብር ተሰልቶ ሲነገራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ያለውን ሁሉ ትተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «በዱቤ ነው የሚሸጡት?»

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። በ1516 እ.ኤ.አ. የባቫሪያ መስፍን ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ በቀር ምንም እንዳይገባበት አዋጅ አስነግሯል፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ ይኮሩበታል። በዚያ አዋጅ የእትዬ ጠላ ወንጀል ነው። ሆፕ የለውም፤ የምሬቱንም የማቆየቱንም ሥራ የሚሠራለት ጌሾ ነው። ገብሱም ብቻውን አይገባም፤ እንደ ቤቱ አቅም ስንዴም፣ ማሽላም፣ በቆሎም ይቀላቀላል። እትዬ ስለ መስፍኑ ቢሰሙ ኖሮ «እሱ ሚስት የለውም?» የሚሉ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቤት ወደ በሬሳ ወንዝ ዝቅ ብሎ ነው። የቤቱ ጠላ ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ ከቅራሪ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሊጠጡት ይቻላል፤ ይጠጡታልም፤ ምክንያቱም ባለቤቷ ወሬኛ ናት። ሰው ለመሄድ ሲነሣ አዲስ ወሬ ትጀምራለች፤ የተነሣው ይቀመጣል፤ የተቀመጠው ይቀዳለታል። ዱሮ እነ እገሌ ቤት የተጣሉት ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጆግ ያስፈልጋል። መጨረሻውን ለመስማት ደግሞ ነገ መምጣት ነው።

የዚህች ሴት የዱቤ ነገር በሰፈሩ ይተረካል። ሒሳቧን የምትይዘው ከበሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት ነበር። አንድ ነሐሴ ላይ፣ ለዘመን መለወጫ ቤቷን ልታስለስን እንደሆነ ስትናገር ደንበኞቿ ሁሉ እንዴት ያለ ቸርነት እንደወረደባቸው አይነገርም። አንዱ ጭቃ አቦካ፣ አንዱ ጭድ አመጣ፣ ሌላው ደግሞ መሰላል ተሸክሞ መጣ። በተለይ ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሁለቴ ተለሰነ። ሲጨርሱ ደከማችሁ ብላ ጠላ አቀረበችላቸው። ሁሉም አንድ ሁለት ሲል፣ እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ነሐሴ የእያንዳንዱን ዕዳ በቃሏ አወረደችው። «ያንተ ደግሞ የሚካኤል ዕለት የጠጣኸው አለ፤ ጎረቤትህን ይዘህ መጥተህ።» ጭረቱ ለእሷ አልነበረም ኖሯል። ለእነሱ እንዲያዩት ብቻ ነው።

እዚያ ቤት ጥግ ላይ አንድ የቢራ ፋብሪካ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ ነበር። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም፤ እንጀራው ነው። አብሮ አደጌ «ቀኑን ሙሉ ቢራ ስትጠምቅ ውለህ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው። «ቢራውማ ሥራ ነው» አለ ሰውዬው። «ከሥራ ወጥቼ ወደ ሥራ ልግባ እንዴ?»

በሰሜን በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት ተጀምሯል። ወጣት ባለቤት ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስታጣ የእናቷን ጋን ወረሰች። ጋኑን ግን ሸጠችው፤ አሁን የምትጠምቀው በሰማያዊ ፕላስቲክ በርሚል ነው። የምትሸጠው ፊልተር ነው። ተራ ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት በመቶ አልኮል ቢኖረው ነው፤ ፊልተሩ አምስትና ስድስት ይደርሳል። እንደ ሻይ ጥርት ብሎ፣ ተጣርቶ በውስኪ ጠርሙስ ይቀርባል። ቤቷ ሶፋ አለው፤ ሙዚቃ አለው፤ ግድግዳው ላይ የቴሌብር ቁጥር በካርቶን ተጽፏል። ወንበሮቹ የቢራ ፋብሪካ ስም አለባቸው። ከየት አመጣሽው ማለት ነውር ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከጎናችን ተቀምጠው ነበር። «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» አሉ፤ በርሚሉን በከዘራቸው እያሳዩ። ጠላ ያለ ጭስ፣ ጭስ ያለ ጋን አይሆንም፤ ይሄ የተጣራ ጉድ ነው፤ ወጣቱን የሚያጠፋው ይሄ ነው። ይህን የተናገሩት ሦስተኛውን ብርጭቆ እየተቀዳላቸው ነው። ልጅቷ አልተቀየመችም። ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ ነገም ይምጡና ይስደቡን» አለቻቸው። መምጣታቸውን እኔም አልጠራጠርም።

አብሮ አደጌ የፊልተሩን ጠርሙስ ሲያይ የነጋዴ ዐይኑ በራ። ምልክት ይለጠፍበታል፤ ቡሽ ይደረግለታል፤ ዴንቨር ድረስ ይላካል። ኢትዮጵያዊው አያልቅም፤ ፈረንጁም ይወደዋል። ስሌቱን ናፕኪን ላይ ጻፈው። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ሁልጊዜ ልክ እንደዛሬው እንዲሆን። ጣዕሙ መለዋወጥ የለበትም።»

ልጅቷ ናፕኪኑን አንብባ መለሰችለት። «ክረምት ላይ ሌላ ነው የሚሆነው። ጌሾው እርጥብ ከሆነም ሌላ ነው። እኔ ከተናደድኩም ሌላ ነው። እንደ ባለፈው ካልሆነ የሚል ሰው ቢራ ይጠጣ።»

በጠላ ቤት ለጠላ ቤት ዙረታችን ከእዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። የመጀመሪያዋ እትዬ ጠላ እንደ እሳቸው ጥቁርና ቁጡ ነው። የሁለተኛዋ እንደ ወሬዋ አያልቅም፤ አያሰክርምም፤ ግን ቀኑን ይወስደዋል። የሦስተኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ ሳይታወቅ ጉልበት ላይ ይወጣል። ዴንቨር ላይ ጥቁር ሰሌዳ የሚያስፈልገው ጠማቂውን የማያውቀው ሰው ስለሚበዛ ነው። እዚህ የባለቤቷን ፊት በር ላይ ማየት በቂ ነው።

የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ዕውቀት ስም የሌለው መሆኑ ነው። በ1915 ዓ.ም የጊዮርጊስ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቢራ ጠማቂ ባለሙያ ነው፤ ነጭ ጋዎን አለው፤ ደመወዝ አለው። ከዚያ በፊት ስንት መቶ ዓመት የጠመቀችው ግን እስከ ዛሬ «ጠላ ሻጭ» ናት፤ ቃሉም ሲነገር በግማሽ ስድብ ነው። በዚያ ጋን የተማረ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ በየቢሮው አለ። እናታቸው ምን ይሠሩ ነበር ሲባል ግን «የንግድ ሥራ» ይላሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ ፈረንጅ መጥቶ ወርቅ ነው እስኪል ድረስ። አብሮ አደጌ ሲሄድ የእትዬን ጋን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንስቶ ነው። አንድ ቀን ዴንቨር ላይ በወይራ የታጠነ «የጥንት አፍሪካ ቢራ» በሰሌዳ ተጽፎ ብናይ አይግረመን። በትንሽ ብርጭቆ ነው የሚቀመሰው፤ በእንጨት ገበታ ላይ።

እናንተ ግን እዚያ ድረስ አትሂዱ። ደብረ ብርሃን ቅርብ ነው። ስትሄዱ ጋቢ ያዙ፤ ማታ ማታ ያስፈልጋል። ዝርዝር ብር ያዙ፤ የመጀመሪያዋ እትዬ በስልክ የገባ ገንዘብ ጌሾ አይገዛም ባይ ናቸው። ጣሳችሁ ሲጎድል ሳትጠሯቸው መጥተው ይሞሉታል። ምርቃት ነው፤ እምቢ አይባልም። በቃኝ ካላችሁ ጣሳውን በመዳፋችሁ ክደኑ፤ በአፍ ብቻ የተነገረ በቃኝ እዚያ ቤት አይሰማም። እሳቸው ፊት የፊልተር ነገር አታንሱ። መኪና አትንዱ፤ ባጃጅ ሞልቷል። በገበያ ቀን ከሰዓት ብትደርሱ ጥሩ ነው። በማግሥቱ ከመጣችሁ አዲሱ ድፍድፍ ገና አልደረሰም፤ ያለው ቅራሪ ብቻ ነው።